መጀመሪያ ካታሎጉ፣ ቀጥሎ ጀልባው

ባሕር ዳር ተቀምጦ የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ አጠናለሁ የሚል ወጣት መምህር ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ጀልባ በመከራየት ነው። አይፈረድበትም። ጣና ከደጁ ነው፤ ክብራን ገብርኤል በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ ዘጌም ቢርቅ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም። ደብዳቤውን ያሳያል፣ ካሜራውን ያወጣል፣ አንድ የብራና ገድል ከዳር እስከ ዳር በፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ቆይቶ ጽሑፉን ለመጽሔት ሲልክ ግን ገምጋሚው በሁለት መስመር ይመልሰዋል፦ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1968 በማይክሮፊልም ተነሥቷል፣ በ1973 በታተመ ካታሎግም ቁጥርና መግለጫ አለው።

በዚህ ሙያ ሰውን የሚጥለው የቅደም ተከተል ስሕተት ነው። ቋንቋ፣ ካታሎግ፣ የዘመን ቁጥር፣ ከዚያ ደሴት። ደሴቱ ሲቀድም ሁለትና ሦስት ዓመት በከንቱ ይሄዳል፤ ለረዳት ምሩቅ ወይም ለሌክቸረር ደግሞ ሦስት ዓመት ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ዘመኑ ድንበር ባጭሩ። በእኛ አገር ጥናት መካከለኛው ዘመን የሚባለው በተለምዶ ከይኩኖ አምላክ መንገሥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1270፣ እስከ አሕመድ ግራኝ ጦርነት መነሻ ድረስ ያለው ነው፤ የሽምብራ ኩሬ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1529 ነው። አጥሩን ያጸኑት ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ናቸው። ለንደን ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1972 በመጽሐፍ ሲወጣ ርዕሱ ላይ 1270–1527 የሚል ተጻፈ። በዚያው ዓመት የፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ መጽሐፍ ከጥንቱ ተነሥቶ 1270 ላይ ቆመ። ለጣና ሰው ይህ ድንበር ተግባራዊ ትርጉም አለው። ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ 18ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ለመካከለኛው ዘመን ተማሪ ቢያምርም ርዕስ አይሆንም። ክብራንን አባ ዘዮሐንስ የመሠረቱት በዓምደ ጽዮን ዘመን (እ.ኤ.አ. 1314–1344) እንደሆነ ይነገራል፤ አሁን ቆሞ የምናየው ሕንጻ ግን ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የተሠራ ነው። የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎችም ገዳሙ ተመሠረተ ከሚባልበት ዘመን ጋር ማምታታት የተለመደ ነው። እዚህ ሐይቅ ላይ ከሕንጻው ይልቅ ዕቃ ቤቱ ይቀድማል።

ወደ ቋንቋው እንግባ፤ ነገሩ ሁሉ የሚጠብቀው ወይም የሚላላው እዚህ ነው።

ለግእዝ ባሕር ዳር የተሻለ ቦታ የለም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው ብቻ ይበቃል። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግስ ያወርዳል፣ ርባ ቅምሩን ያውቃል፣ አገባቡን ይለያል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲያይ ባለቤቱንና ተሳቢውን ለመፈለግ አይደናበርም። ከዩኒቨርሲቲ ብቻ የመጣው ተማሪ ይህን በሁለት ሴሚስተር አያገኘውም። ይሁን እንጂ የቅኔ ቤቱ ተማሪ ይዞት የሚመጣ አንድ ልማድ አለ፦ ያርማል። ብራናው «ንጉስ» ካለ «ንጉሥ» ብሎ ይገለብጣል፤ «ሀይል»ን «ኀይል» ያደርጋል፤ «ጸሐይ»ን ወደ «ፀሐይ» ይመልሳል። እጁ እንደዚያ ስለሠለጠነ አያስተውለውም። ለታሪክ ሰው ግን ጸሐፊው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንዴት እንዳቀላቀለ ራሱ ማስረጃ ነው፤ የጸሐፊውን ትምህርትና ዘመን ለመገመት ይረዳል፣ ሁለት ቅጂዎች ከአንድ እናት መጽሐፍ መውጣታቸውንም ሊጠቁም ይችላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ በግልባጩ ውስጥ ምንም አይታረም፤ እርማት የሚገባው ከግርጌ ነው።

ከግእዝ ቀጥሎ ዐረብኛ። ያለ እሱ የሙስሊም ሱልጣኔቶቹን የኢፋትንና የአዳልን ወገን በሰው ትርጉም ብቻ ነው የምታነቡት። የግራኝን ጦርነት የሚተርከው የፉቱሕ አል ሐበሻ ጸሐፊ ዐረብ ፋቂህ የጦርነቱ ዘመን ሰው ነው፤ አል ዑመሪ (የሞተው እ.ኤ.አ. በ1349 ነው) ግን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ የጻፈው ከመረጃ ሰጪዎች ሰምቶ ነው። ሁለቱን እኩል የዓይን ምስክር አድርጎ የሚጠቅስ የማስተርስ ጽሑፍ አሁንም አይጠፋም። የአውሮፓ ቋንቋዎችን በተመለከተ አንዱን በደንብ፣ ሌላውን በመዝገበ ቃላት ማንበብ ይበቃል ብዬ አምናለሁ። የዘርዐ ያዕቆብንና የበእደ ማርያምን ዜና መዋዕል ፔሩሾን እ.ኤ.አ. በ1893 ያሳተመው ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር ነው፤ ኮንቲ ሮሲኒና ቼሩሊ በብዛት የጻፉት በጣልያንኛ ነው፤ የጣና ካታሎግ ደግሞ ጀርመንኛ ነው። እዚህ ለምንሠራ ሰዎች ጀርመንኛው ይቅደም እላለሁ። የካታሎግ ጀርመንኛ ሁልጊዜ የሚደጋገም ነው፦ የቅጠሉ ብዛት፣ መጠኑ፣ የዓምዱና የመስመሩ ቁጥር፣ የጽሕፈቱ ዓይነት፣ ይዘቱ፣ ኅዳግ ላይ ያለው ማስታወሻ። ሁለት መቶ ቃል የያዘ ሰው ያነበዋል።

ካታሎጉ ሦስት ቅጽ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በጣና ገዳማት ያነሣውን ማይክሮፊልም መሠረት አድርጎ የመጀመሪያውን በ1973፣ ሁለተኛውን በ1977 አወጣ፤ ሦስተኛውን ቬሮኒካ ዚክስ በ1999 አሳተመች። አንደኛው ክብራንን፣ ሁለተኛው ደብረ ማርያምንና ሬማን፣ ሦስተኛው ዳጋ እስጢፋኖስን ይይዛል። እያንዳንዱ መጽሐፍ የጣና ቁጥር አለው፤ በዓለም ያለ ተመራማሪ መጽሐፉን የሚያውቀው በዚያ ቁጥር ነው። ገዳሙ ራሱ በመጽሐፉ ሽፋን ወይም በማኅደሩ ላይ የጻፈው ሌላ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ የቅርስ ምዝገባ የሰጠው ሦስተኛ ቁጥርም ሊኖር ይችላል። ሦስቱንም ጎን ለጎን መያዝ ግዴታ ነው፤ አንዱን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ያንኑ መጽሐፍ ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ይቆጥረዋል።

ከዚያ ወጣ ሲሉ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ስብስብ አለ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1973 ተጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ፊልሙ አሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብዙውን ካታሎግ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። አብዛኛው አሁን በኢንተርኔት ይነበባል። ለንደን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ የተወሰዱት ወደ 350 የሚሆኑ መጻሕፍት አሉ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው ብዙዎቹ እዚያ ናቸው። ፓሪስና ቫቲካንም ስብስብ አላቸው። ስለዚህ ስለ አንድ የጣና ጻድቅ ገድል የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ የዚህ ገድል ስንት ቅጂ ይታወቃል፣ የትስ አለ? መልሱ አራት ቅጂ ከሆነና ሦስቱ በስክሪን ላይ የሚነበቡ ከሆነ፣ ወደ ደሴቱ የሚኬደው ለአራተኛው ብቻ ነው። በሐምቡርግ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የሚሠራው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘው የመረጃ ቋት ይህን ፍለጋ በእጅጉ አቃሎታል፤ ሆኖም ሁሉም ገብቶበት ስላላለቀ የታተሙትን ካታሎጎች አይተካም።

አሁን ወደ ዘመን ቁጥሩ። አንድ ነገር ብቻ በደንብ እንዲያዝ ከተባለ ይኸኛው ይያዝ፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የሚሠራ ስሕተት ከኋላ ያለውን ትንተና ሁሉ ይዞት ይወድቃል።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ «ተጽሕፈት ዛቲ መጽሐፍ በ፹፯ ዓመተ ምሕረት» የሚል ተገኘ እንበል። ዛሬ ዓመተ ምሕረት ስንል ከክርስቶስ ልደት ጀምሮ የሚቆጠረውን ነው፤ የመካከለኛው ዘመን ጸሐፊ ግን ብዙ ጊዜ የሚለው የ532 ዓመቱን ዐቢይ ቀመር ነው። ያ ዑደት እንደ ዛሬው አቆጣጠር በ1341 ዓ.ም. ጀመረ፤ ስለዚህ 1340 ይደመራል። 87 ሲደመር 1340፣ 1427 ዓ.ም. ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. 1434/35። ዘርዐ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ነግሠዋልና የመንግሥታቸው መጀመሪያ ላይ ነን ማለት ነው።

እዚህ ማቆም ግን አይቻልም። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የዘመንና የበዓላት ማውጫ ስሌቱን፣ የሚያውቅ ጸሐፊ ዓመቱ የተሰየመለትን ወንጌላዊ፣ አጽዋማት የሚወጡባቸውን አበቅቴና መጥቅዕ አብሮ ይጽፋል፤ እነሱ ደግሞ ቁጥሩን ይመረምሩታል። 5500 ሲደመር 1427 ዓመተ ዓለም (ከፍጥረት የሚቆጠረው ዘመን) 6927 ነው። በ4 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲወሰድ) 3 ይተርፋል፤ ዘመኑ ሉቃስ ነው። በ19 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ «አሐዱ አእትት ለዘመን» ተብሎ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ (በ19 ዓመቱ ዑደት ያለፉት ዓመታት) 10 ነው። 10 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 20፤ 10 በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 10። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መምጣት አለባቸው፤ መጥተዋል። ቀን ከተጠቀሰ ደግሞ ዓመተ ዓለሙ ላይ መጠነ ራብዒቱ (አራተኛ እጁ) ይደመራል፦ 6927 ሲደመር 1731፣ 8658፤ በ7 ሲገደፍ 6፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ስድስተኛው እሑድ ነው፤ የዚያ ዓመት መስከረም 1 እሑድ ውሏል። ብራናው «በዘመነ ማርቆስ» ካለ አንድ ነገር ተሳስቷል። ወይ እናንተ አኀዙን አሳስታችሁ አንብባችኋል፤ በጥንታዊ ጽሕፈት ፯ እና ፮ እየተመሳሰሉ ያስቸግራሉ። ወይ ጸሐፊው ተሳስቷል፤ ወይም ከፊት ለፊቱ የነበረውን የአሮጌውን መጽሐፍ ማብቂያ ከነዘመኑ ገልብጦታል። ይህ የመጨረሻው ከሚታሰበው በላይ ያጋጥማል፤ 15ኛው ክፍለ ዘመን የሚል ማብቂያ ያለው መጽሐፍ ራሱ የ18ኛው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው የፊደሉ መልክ ለብቻው መታየት ያለበት።

ፊደሉ በጥቅሉ እንዲህ ይታያል። በቆየው ጽሕፈት ፊደሎቹ ማዕዘን ያላቸውና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ «እግዚአ ብሔር» በሁለት ቃል ተከፍሎ ይጻፋል፣ በአኀዙ ላይና ታች ዛሬ የለመድነው መስመር ይጎድላል። የጎንደር ዘመን ጽሕፈት ክብ፣ ደልደል ያለና ተለቅ ያለ ነው። በአንድ ፊደል ብቻ ፍርድ አይሰጥም፤ ቢያንስ ስምንትና አሥር ፊደል ተመርጦ ዘመናቸው ከታወቀ መጻሕፍት ጋር መተያየት አለበት። ጥሩው ልምምድ ዘመኑ የተረጋገጠ መጽሐፍ ፎቶ ከፍቶ የፊደሉን ቅርጽ በእጅ መቅዳት ነው። ዓይን የሚለየው እጅ ከሠራው በኋላ ነው።

የነገሥታት ስም ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። «በመንግሥተ ገብረ መስቀል» የሚል ማስታወሻ የማን ነው? ላሊበላ ገብረ መስቀል ተብሏል፤ ዓምደ ጽዮንም፤ ይስሐቅም። «ቈስጠንጢኖስ» ብዙ ጊዜ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው፤ «ዳዊት» ሲል የ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻው ዳዊት ወይም ልብነ ድንግል ሊሆኑ ይችላሉ። መፍቻው ብዙ ጊዜ ከንጉሡ ጎን ያለው ሰው ነው። አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የተባሉ ሁለት ጳጳሳት አንድ ላይ ከተጠሩ፣ እነሱ እ.ኤ.አ. በ1438 የመጡ ናቸውና ንጉሡ ዘርዐ ያዕቆብ መሆናቸው ይጸናል። ሥዕልም ላይ ያው ነው፦ ዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የፍሬ ጽዮን ገበታ ሥዕል ዘመኑ የታወቀው በላዩ የተጻፈው የሠዓሊውን፣ የንጉሡን የዘርዐ ያዕቆብንና የአበምኔቱን የይስሐቅን ስም ስለሚይዝ ነው።

እንግዲህ ሁሉ ፎቶ ተነሥቶ ካለቀ ለአዲስ ሰው ምን ቀረ? የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። መልሱ ከመጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ውጭ ያለው ነው። ወንጌል በአራቱ ወንጌላውያን መካከል ባዶ ቅጠል ይኖረዋል፤ ገድልና ድርሳን ከፊትና ከኋላ የተረፈ ገጽ አላቸው። ገዳማት ያን ባዶ ቦታ እንደ መዝገብ ቤት ተጠቅመውበታል፦ የጉልት (ለገዳም የተሰጠ መሬት) ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የአበምኔቶች ተራ፣ የድንበር ክርክር። የወሎው የሐይቅ እስጢፋኖስ ወንጌል፣ በኢ.ኤም.ኤም.ኤል. ቁጥር 1832፣ ጥሩ አብነት ነው። ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት ነው፤ የወንጌሉ ቃል ራሱ ከሌሎች ወንጌሎች የሚለይ አይደለም፤ ታሪክ ጸሐፊዎችን ለዐሥርተ ዓመታት ሥራ ያስያዘው ባዶ ቅጠሎቹ ላይ የገባው ማስታወሻ ነው። ካታሎግ እንዲህ ያለውን ነገር ብዙ ጊዜ «የመሬት ማስታወሻ» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። ከጣና መጻሕፍት ውስጥ ያልተነበበው ይህ ነው።

ማስታወሻ ሲነበብ መጀመሪያ የሚፈለገው ፍቅ ነው። የባለቤቱ ስም በቢላ ተፍቆ ሌላ ስም ገብቶበት ይሆናል። የብራናው ገጽ እዚያ ቦታ ላይ ሻከር ይላል፣ ቀለሙ ወፈር ብሎ ወደ ዳር ይፈሳል፣ የአዲሱ ስም ፊደላት ቦታው ስለማይበቃቸው ይጨናነቃሉ ወይም ተለጥጠው ይጻፋሉ። ቅጠሉን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ፊት ዘንበል ማድረግ የተፋቀውን ጥላ ያወጣዋል። አስቂኙ ነገር ብዙ ጊዜ ከሥሩ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ለይኩን» የሚለው ግዝት ሳይነካ መቆየቱ ነው፤ የፋቀው ሰው ግዝቱን ለራሱ ጥበቃ ይፈልገዋልና። በጥቁር ነጭ ማይክሮፊልም ላይ ፍቅ ብዙ ጊዜ አይታይም። ወደ ደሴቱ ለመሄድ ከዚህ የተሻለ ምክንያት የለም፤ የፈቃድ ደብዳቤውም ላይ መጻፍ ያለበት ይኸው ነው።

ስለ ደብዳቤው። ከትምህርት ክፍሉ ወደ ሀገረ ስብከቱ፣ ከሀገረ ስብከቱ ወደ ወረዳ ቤተ ክህነት፣ ከዚያ ለገዳሙ አበምኔትና ማኅበር ነው የሚሄደው፤ ለእያንዳንዱ ማኅተም ያለው ዋና ቅጂ ያስፈልጋል፣ ፎቶ ኮፒ አይበቃም። ቅርስን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የምርምር ፈቃድም አለ። ደሴቶቹ ሁሉ በአንድ ሀገረ ስብከት ሥር አለመሆናቸውን አስቀድሞ ማጣራት ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ዳጋ ላይ ላይሠራ ይችላል። ደብዳቤው «በገዳሙ የሚገኙ ጥንታዊ መጻሕፍትን» የሚል ከሆነ ሽማግሌዎቹ ቢጠራጠሩ እውነት አላቸው፤ የተሰረቀ መጽሐፍ ታሪክ ሁሉም ያውቃል። ሦስት መጽሐፍ በስምና በቁጥር ይጠቀስ፤ የሚታየው ቅጠል ጭምር ቢጠቀስ ይበልጥ ይታመናል። ቁልፉ ያለው ቄሰ ገበዙ ወይም ዕቃ ቤቱ ዘንድ ነው፤ ብዙ ቦታ ሁለት ሦስት ሰው ካልተገኘ ሣጥን አይከፈትም፤ እነሱ ደግሞ አገልጋዮች ናቸው። በጾም ቅዳሴው የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፣ ማዕበሉ ይከብዳል። ስለዚህ በጾም ወራት ያለው የሥራ ሰዓት ጠዋት ብቻ ነው። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ የነነዌ ሦስት ቀንና እንደ ዘወትሩ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይቀነሳሉ። ክረምቱን ለካታሎግ መተው ነው። አሁን በክልሉ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ የተያዘ ጉዞ በዋዜማው ሊሰረዝ ይችላልና፣ ጥናቱ ያለ ደሴቱም ቢሆን መጨረስ የሚችል ሆኖ መነደፍ አለበት።

ሴት ተመራማሪዎችን የሚመለከት አንድ ነገር በግልጽ ይነገር። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባም። ዘጌ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም፣ እንዲሁም ናርጋ ሥላሴ ይገባል። አማካሪዎች ይህን እያወቁ ሴት ተማሪዎችን የዳጋ ርዕስ አስይዘው ወንድ ረዳት ፎቶ ያንሣላት ሲሉ ይሰማል፤ እኔ አልስማማም። ረዳቱ ፍቁን አያይም፣ ምን እንደሚፈለግ አያውቅም። ወይ ርዕሱ በፊልም ላይ ባሉት የዳጋ መጻሕፍት ብቻ የሚቆም ይሁን፣ ወይ ዘጌ ይመረጥ።

ፎቶው ላይ አልቆይም። ብልጭታ ክልክል ነው። መጽሐፉ ከ90 ዲግሪ ብዙ አልፎ አይከፈት፤ የጣውላ ገበታው የተሰፋበት ክር ደርቋል፣ ተጭነው ከከፈቱት ጥራዙ ይላቀቃል። በየመጀመሪያው ፎቶ ላይ የሴንቲሜትር ማስመሪያና የቀለም ካርድ ይግባ። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ለብቻው ከተነሣ ከሁለት ሰዓት በታች አይጠናቀቅም፣ ከማውጣትና ከመመለስ ጋር የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ደሴት ላይ መብራት አለ ብሎ መሄድ አይገባም፤ ትርፍ ባትሪ ይያዝ። ባዶ ቅጠልም ቢሆን ይነሣል። የጥራዙ አቀማመጥም ይመዝገብ፦ ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ወይም ከ5 የታጠፈ ብራና የሚሠራ ሲሆን 8 ወይም 10 ቅጠል ይሆናል፤ መካከል ላይ አንዱ 7 ቅጠል ብቻ ከሆነ አንድ ቅጠል ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ማስታወሻው የነበረው እዚያ ላይ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ደረጃ ዕድገቱ፣ ማለትም ወደ እንጀራው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ከረዳት ምሩቅ እስከ ሌክቸረር ያለው መንገድ በዲግሪ ነው፤ ከረዳት ፕሮፌሰር ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰር፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰር የሚኬደው ግን በአገልግሎት ዘመንና በኅትመት ነው። የመካከለኛው ዘመን ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። አንድን ገድል ከሦስት አራት ቅጂ አስተያይቶ፣ የንባብ ልዩነቱን ከግርጌ አስፍሮ፣ ተርጉሞ ማሳተም ዓመታት ይፈጃል፤ በውጤት መስጫ ቅጹ ላይ ግን ስለ ዘመናዊ ታሪክ በሁለት ወር ከተጻፈ መጣጥፍ እምብዛም አይበልጥም። በዚያ ላይ ከ70 በ30ው የቅበላ ፖሊሲ (70 በመቶ ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ 30 በመቶ ለማኅበራዊ ሳይንስ) ወዲህ የታሪክ ክፍሎች የራሳቸው ተማሪ ሲሳሳ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት ሁሉ የሚሰጥ ትምህርት በመሆኑ የማስተማር ጭነቱ በሌላ በኩል ገባ። አንድ መምህር አዳራሽ ሙሉ ፈተና ሲያርም የሚውልበት ሳምንት ብራና የሚነበብበት ሳምንት አይደለም።

መውጫው ትንንሽ ሰነድ ማሳተም ነው። አምስት መስመር ያላት የጉልት ማስታወሻ ለብቻዋ ጥሩ መጣጥፍ ትወጣታለች፦ ፎቶው፣ ያልታረመ ግልባጩ፣ ትርጉሙ፣ የዘመን ስሌቱ፣ የተጠሩት ሰዎችና የቦታዎቹ መለያ፣ መጨረሻ ላይ ሰነዱ የሚለውጠው ነገር። ቦታዎቹን በዛሬው የቀበሌ ስም ለይቶ ማሳየት ሐምቡርግ ያለ ሊቅ የማይችለው፣ የባሕር ዳር ሰው ግን አገሬውን ጠይቆ የሚያገኘው ነው። እንዲህ ያሉ አራት አምስት ሰነዶች ሲጠራቀሙ የአንድ ገዳም የመሬት ታሪክ ምዕራፍ ይሆናሉ። ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ፣ ኤቲዮፒካ፣ አናል ዴቲዮፒ፣ ራሴኛ ዲ ስቱዲ ኤቲዮፒቺ ይህን ዓይነት ሥራ ይቀበላሉ። ከመላኩ በፊት መጽሔቱ በዩኒቨርሲቲው ዕውቅና ዝርዝር ውስጥ መኖሩን በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባል፤ ገንዘብ ተቀብለው በሳምንት «ታትሟል» ከሚሉት መራቅ ስለ ራሱ ይናገራል። ግእዙ በዩኒኮድ ይጻፍ። በድሮው ፓወር ግእዝ ወይም ቪዥዋል ግእዝ የተጻፈ ግልባጭ አዘጋጁ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ነው የሚሆነው፣ መልሶ መቀየሩም ፊደል ያጠፋል።

ሲታተም የሚጠቀሰው የገዳሙ ስም፣ የካታሎጉ ቁጥር፣ ቅጠሉ ከነፊቱና ጀርባው፣ ዓምዱና መስመሩ ነው። የፎቶው ሙሉ ቅጂ ከአማርኛ ዝርዝር ጋር ለገዳሙና ለሀገረ ስብከቱ ይሰጣል፤ ቃል ተገብቶ የሚረሳ ነገር ስለሆነ ከመታተሙ በፊት ቢሆን ይመረጣል። መጽሐፉ የተቀመጠበት ክፍል፣ ሣጥኑና የመቆለፊያው ሁኔታ ግን በመስክ ማስታወሻ ላይ እንጂ በታተመ ገጽ ላይ አይወጣም።